ከኋላው ሣር ካለ

እትዬ ሜትር ሰው ስታይ ከትከሻው ነው የምትጀምረው። ፊቱ ላይ የምትደርሰው ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ የቁልፎቹን አተካከል፣ ካስፈለገም የኪሱን አፍ ከመረመረች በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ የብዙ ሰው ስም ይጠፋታል፤ ልኩ ግን አይጠፋትም። «ያ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ሰውዬ» ብላ ወሬ ስትጀምር የትኛው ሰውዬ እንደሆነ የሚገባው ካጣች ትናደዳለች። እንዴት የሰው ትከሻ አይታወቅም?

ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ቅጽል ስሟም የወጣላት ከዚያ ነው። አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ለወጉ ያህል ነበር፤ ደንበኛው ገና ደፉን ሲረግጥ ልኩን በዓይኗ ጨርሳ፣ «ባለፈው ዓመት እዚህ ጋ እንዲህ አልነበርክም» ብላ በጣቷ ሆዱን ትጠቁመዋለች። በሜትሩ የምትለካው ሰውየው ቅር እንዳይለው ብላ ብቻ ነው። ተሳስታ አታውቅም ማለት ግነት ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ተሳስታለች፣ ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የደንበኛው ነበር። እንዲህ ብላ የነገረችኝ ራሷ ናት።

ከዚያ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በየመንገዱ ዳር ተንጠልጥሎ ይሸጥ ጀመር። ሰውም ልኩን ከማስለካት ይልቅ ራሱን ከልብሱ ጋር ማስማማት ቀለለው። እጅጌው ቢረዝመው ይጠቀልለዋል፤ ወገቡ ቢሰፋው በቀበቶ ይሰበስበዋል፤ ከዚያ መስታወት ፊት ቆሞ «ልክ ነው» ይላል። እትዬ ሜትር ሁለት ዓመት ያህል ታገለች። በመጨረሻ የምትሰፋበትን ክፍል ለቀቀች፣ የስፌት መኪናዋን ሸጠች፣ ሴት ልጇ ቤት ገባች።

ልጇም አማቿም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ችግሩ እንዲያውም ደግነታቸው ነው። እትዬ ሜትር በመጀመሪያው ወር የቤቱን ሰው ልብስ በሙሉ አንድ በአንድ ፈትሻ የላላውን አጠበቀች። በሁለተኛው ወር መጋረጃዎቹን አውርዳ እንደገና ቀመቀመቻቸው። በሦስተኛው ወር የሶፋውን ልብስ በክፉ ዓይን ማየት ስትጀምር አማቿ እጇን ይዞ፣ «እማማ፣ ኧረ ይረፉ! ለፍተዋል፣ ከዚህ በኋላ ማረፍ ነው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ «ይረፉ» የምትባል ቃል መውጫ መግቢያ አሳጣቻት። ሳህን ብታነሣ ይረፉ። በር ልትከፍት ብትነሣ ይረፉ። ሳሎኑ ጥግ ያለው ባለመደገፊያ ወንበር የእሷ ሆነ፤ እንግዳ ሲመጣ ሰላም ይላታል፣ ከዚያ በጭንቅላቷ አሻግሮ ከሌላው ጋር ያወራል። ሰው በቁሙ የቤት ዕቃ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይበድለው።

ልጇ አንድ ቀን ስልኳ ላይ ማስታወቂያ አነበበች። ምስል ላይ ምልክት የሚያደርጉ ሠራተኞች ይፈለጋሉ፤ ስለ አልባሳት እውቀት ያለው ቅድሚያ ይሰጠዋል።

«እማዬ! ይሄ እኮ አንቺ ነሽ!» አለቻት።

እውነትም እሷ ነበረች። ኋላ እንደታየው፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ስለ አልባሳት እውቀት የነበረው ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከመድኃኒት ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ጎማው የወለቀውን ወንበር ዘግይቶ ለመጣ ሰው የሚሰጥ ያልተጻፈ ሕግ። ሠራተኞቹ ሁሉ ብትወልድ የምትወልዳቸው ልጆች ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው፣ ጣታቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አለቃቸው ወጣት ነው፤ ኮቱ ጥሩ ኮት ነው ግን አንድ ቁጥር ይበልጠዋል። ልጆቹ ፐርሰንት ይሉታል። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ዛሬ ሰማንያ አምስት ፐርሰንት ደህና ነኝ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው፤ ቀልዱን አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ የሰው ፎቶ ይመጣል። ከፎቶው ሥር ሰባት አማራጮች ተደርድረዋል፦ መደበኛ፣ የሥራ፣ የዘወትር፣ የስፖርት፣ የድግስ፣ የቤት፣ ሌላ። ሰውየው የለበሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይቶ አንዱን ተጭኖ ማለፍ ነው። እንዲህ ያለ መልስ እልፍ ጊዜ ተሰብስቦ ለአንድ ማሽን ትምህርት ይሆነዋል። ማሽኑ ሲጎለምስ ማንንም ሳይጠይቅ ፎቶ አይቶ የልብሱን ዓይነት ይናገራል።

መመሪያ የተባለ አራት ገጽ ወረቀት ተሰጣት። «መደበኛ ልብስ ማለት በመደበኛ አጋጣሚ የሚለበስ ልብስ ነው» ይላል። መደበኛ አጋጣሚ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠች። «መደበኛ ልብስ የሚለበስበት አጋጣሚ» ይላል። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሷ ልብስ ለማወቅ ወረቀት አያስፈልጋትም።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አንድ ጎልማሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እትዬ ሜትር መነጽሯን አስተካክላ ወደ ትከሻው ሄደች። ኮቱ የሙሉ ልብስ ግማሽ ነው፤ ሱሪው ግን ጂንስ ነው። ስለዚህ መደበኛ እንዳትለው ግማሹ ቀርቷል፣ የዘወትር እንዳትለው ኮቱ ይቀየማል። ደግሞ እጅጌው አጥሮታል። ብዙ ካሰበች በኋላ «ሌላ» የሚለውን ተጫነች። እዚያው ሥር «አስተያየት ካለዎት» የምትል ጠባብ ሳጥን አገኘች። መሥሪያ ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ ያቺን ሳጥን የነካ ሰው አልነበረም። እትዬ ሜትር ግን ተጠየቀች፤ ተጠይቃ ደግሞ ዝም አትልም።

ጻፈች። በሁለት ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈች። «የቀሚሱ ገበር ከላዩ ይረዝማል፤ የሰፋው ሰው ችኩል ነው።» «ሴትየዋ ሸሚዙን የለበሰችው ሳትወደው ነው፤ ስጦታ ይመስለኛል።» «ቱታ ነው፤ ግን ተተኩሷል። ቱታውን የሚተኩስ ሰው ስፖርት አይሠራም።» በመጀመሪያው ቀን አርባ ሦስት ፎቶ ሠራች። አጠገቧ የምትቀመጠው፣ ክረምት ከበጋ ከማታወልቀው ብጫ ሹራብ የተነሣ ሎሚ የሚሏት ልጅ፣ በዚያው ቀን ሰባት መቶ ሠርታ ነበር፤ መሐል ላይ ጥፍሯን ቀለም ቀብታለች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፐርሰንት ጠራት። ጠረጴዛው ላይ የታተመ የወረቀት ቁልል አለ፤ አስተያየቶቿ ናቸው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ‹ይህ ሰው ኮቱን ከወንድሙ ተውሶታል› ብለው ጽፈዋል።»

«አዎ። እጅጌው አጥሮታል፣ ትከሻው ደግሞ ሰፍቶታል። አጭርና ደንዳና ወንድም አለው።»

«የተጠየቁት እኮ የልብሱን ዓይነት ነው።»

«የተዋሱት ልብስ ምን ዓይነት አለው ልጄ? ዓይነቱ ከባለቤቱ ጋር ቤት ቀርቷል።»

ፐርሰንት አልሳቀም። እያንዳንዱ ፎቶ ለሦስት ሰው እንደሚታይ፣ ሁለቱ የተስማሙበት መልስ እውነት ተብሎ እንደሚያዝ፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ስንት ጊዜ እንደተስማማ ተቆጥሮ እንደሚወጣ በትዕግሥት አስረዳት። የእሷ ሃምሳ አንድ ፐርሰንት ነበር።

«ሌሎቹ ቢሳሳቱስ?» አለችው።

«ሁለት ሰው ከተስማማ አልተሳሳተም።»

«ሁለት ሰው ተስማምቶ የግራውን እጅጌ በቀኝ ቢሰፋውስ?»

ፐርሰንት ትንሽ አሰበ። «ከተስማሙ ቀኝ ነው» አላት። «እትዬ፣ መስፈርቱ ሰማንያ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሱ ባጅዎን ይመልሳሉ። እኔ ላስወጣዎት ፈልጌ አይደለም፤ ሲስተሙ ራሱ ይዘጋብዎታል።»

ልክ ልኩን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ዓይኗ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ላይ አረፈና አፏን መልሳ ዘጋችው። ያቺ ባጅ ቤት ውስጥ ያመጣችውን ለውጥ እሷ ታውቃለች። ልጇ በየደረጃው ያገኘችውን ጎረቤት ሁሉ እያቆመች «እማዬ እኮ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው» ትላለች። አማቿ አመሻሽ ላይ «ሥራ እንዴት ዋለ እማማ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጠይቆም መልሷን ይጠብቃል። ጥጉ ላይ ያለው ወንበር የታጠበ ልብስ መከመሪያ ሆኖ ባየችው ቁጥር ደስ ይላታል። ባጁን ከመለሰች ያንን ልብስ አንሥታ መቀመጥ ነው፤ በዚህ ላይ «ሞክረዋል እኮ፣ አሁን ይረፉ» የሚል አዲስ ዜማ ይጨመርበታል። ሞትን እንኳ እንደዚያ ወንበር አልፈራችውም።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሎሚ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ አነሣች። ሎሚ አንዱን ማዳመጫ የምታነሣው ለቁም ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱንም አንሥታ ያያት የለም።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ልብሱን እያየሽ ነው» አለቻት።

«ታዲያ ምኑን ልይ?»

«ከኋላው ያለውን። ሣር ካለ የስፖርት። ጠረጴዛና ወንበር ካለ የሥራ። ብርጭቆ የያዘ ሰው ካለ የድግስ። አልጋ፣ ማድቤት፣ የተሰጣ ልብስ ካየሽ የቤት። መንገድና መኪና ከሆነ የዘወትር። ሰውየው ኮስተር ብሎ ቀጥ ካለ ደግሞ መደበኛ ነው። ሌላ የሚለውን አትንኪው፣ ማንም አይነካውም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው?»

«ሁሉም። ልብስ ላይ ማን ከማን ይስማማል እትዬ? ሣር ላይ ግን ማን ይከራከራል?»

እትዬ ሜትር እንዲህ ያለ ስድብ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍቼ ሣር ልይ! ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሁለት ቀን በራሷ መንገድ ቀጠለች፤ እንዲያውም አስተያየቶቿን አስረዘመች። ነጥቧ ወደ አርባ ዘጠኝ ወረደ። ለወሩ መጨረሻ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

በዚያ ቀን ያ ቀሚስ መጣ። እስከ ቁርጭምጭሚት የወረደ አረንጓዴ ቀሚስ ነው፤ ጨርቁ በሰያፍ ተቆርጦ፣ ስፌቱ የት እንደገባ ሳይታወቅ ከወገብ ላይ እንደ ውሃ የሚወርድ። እትዬ ሜትር ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት። በዕድሜዋ እንዲህ ዓይነት አቆራረጥ አራት ጊዜ ሞክራ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳክቶላታል። ይህን የሰፋው እጅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ምን ባልሰጠች! መደበኛ ነው፣ የድግስም ነው፣ ከሁለቱም በላይ ነው። ነገር ግን ባለቀሚሷ የቆመችው በረንዳ ላይ ነው፤ ከኋላዋ ገመድ ላይ ካልሲና ፎጣ ተሰጥቷል። ይህ ፎቶ የሚደርሳቸው ሌሎቹ ሁለት ልጆች ሲያዩት ምን እንደሚጫኑ እትዬ ሜትር አወቀች። ካልሲውን ነው የሚያዩት።

እጇ ማውሱ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ «የቤት» የሚለውን ተጫነች። ያንን ቀሚስ የሰፋችውን ሴት በአደባባይ የሰደበቻት መሰላት፣ ይቅርታ የምትልበት አድራሻ እንኳ የላትም። ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት በራች፦ ሦስቱም ተስማምተዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ስልሳ ስምንት፣ ሰባ ሰባት፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን ሰማንያ ሦስት። በሁለተኛው ወር ዘጠና አራት። ልብሱን ላለማየት መጀመሪያ ላይ ዓይኗን ጨመቅ ታደርግ ነበር፤ ቆይቶ ሳትጨምቅም ሆነላት። ፎቶው ሲመጣ ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ በቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ሣር፣ ጠረጴዛ፣ ብርጭቆ፣ አልጋ። በቀን ስድስት መቶ ትሠራ ጀመር። አስተያየት መጻፊያዋ ሳጥን እንደ ቀድሞው ባዶዋን ቀረች። ፐርሰንት «የወሩ ምርጥ» ብሎ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ለሦስት ተከታታይ ወር ሳያወርደው ሲቀር ልጆቹ «እትዬ፣ ኪራይ ክፈይበት» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። አማቿ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስለ እሷ እንደሚያወራ ከልጇ ሰማች። እንዲህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

አንድ ነገር ብቻ ታዝባለች። አውቶቡስ ውስጥ ስትቀመጥ ዱሮ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው የተጣመመ ኮሌታ እስክትወርድ ድረስ ዕረፍት ይነሣት ነበር፤ እጇን ዘርግታ ላቅናልህ ማለት ያምራት ነበር፣ ሁለት ጊዜ ብላለችም። አሁን ኮሌታው አይታያትም። በመስኮቱ እያየች በሰላም ትሄዳለች። እርጅና ሲመጣ እንዲህ ነው፣ ሰው ነገር መናቅ ይማራል ብላ ደስ አላት።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ደንበኛ መጣች። ደንበኛዋ የማሽኑ ባለቤት ከሆነው ድርጅት የተላከች፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ የምታደርግ፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ላፕቶፗን ፐርሰንት ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ልጆቹ ሁሉ እንዲሰበሰቡ አደረገች።

«ማሽኑ ትምህርቱን ጨርሷል» አለች። «ይሄ ምንድን ነው?»

ስክሪኑ ላይ ባዶ ሜዳ አለ። ሰው የለበትም። ከሥሩ ማሽኑ ጽፏል፦ የስፖርት ልብስ፣ ዘጠና ሰባት ፐርሰንት።

«ይሄስ?» ባዶ ወንበር ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይታያል፦ የሥራ ልብስ። ቀጠለች። ጥቁር ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የለበሰ ሰውዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፦ የቤት ልብስ። ሜዳ ላይ የምትግጥ ላም፦ የስፖርት ልብስ፣ ዘጠና ዘጠኝ። ላሟ ከባዶው ሜዳ በሁለት ትበልጣለች። ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ደንበኛዋ ዞር ብላ ስታየው ሳቁን ዋጠው።

«ከእናንተ መሐል ልብሱን ያየ ሰው አለ?» አለች።

ፐርሰንት ሊናገር ሞከረና የሚናገረው ፐርሰንት አጣ። እሷም ነገሩን አላስረዘመችም። ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ በዚህ ጊዜ ከፎቶው ላይ ኋላው ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ ልብሱ ብቻ ይቀራል። ልብስ የሚያውቅ አንድ ሰው ደግሞ ይመረጣል፤ የእሱ መልስ ትክክለኛ መልስ ይባላል፣ የሌላው ሁሉ ነጥብ ከእሱ ጋር እየተመዛዘነ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ከሌለ ሥራው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። አሥራ ሁለቱም ወንበሮች ዛሬ ይዘጋሉ ማለቷ ነበር።

ፐርሰንት በድንገት ብድግ ብሎ መሳቢያውን ከፈተ። ከወረቀት መሐል ያንን የድሮ ቁልል ጎትቶ አወጣ። «አንዲት ሠራተኛ አለች» አለ፤ ያነብም ጀመር። «‹የቀሚሱ ገበር ከላዩ ይረዝማል፤ የሰፋው ሰው ችኩል ነው።› ‹ቱታውን የሚተኩስ ሰው ስፖርት አይሠራም።› …»

ደንበኛዋ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። ስታነብ ፊቷ እየፈካ ሄደ። «ይቺ ሴት የት አለች? አባረራችኋት አይደል?»

«ኧረ የለም!» አለ ፐርሰንት። «የወሩ ምርጣችን ናት።»

እትዬ ሜትርን ስክሪኑ ፊት አስቀመጧት። ደስ አላት፣ መዋሸት አያስፈልግም። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ የተወቀሰችባቸው ቃላት ዛሬ ጮክ ተብለው ተነበቡ። አሥራ አንዱም ልጆች እጃቸውን አጣምረው ከኋላዋ ቆመዋል። አሁን ያያሉ አለች በልቧ። ሣር የሚያዩ ሁሉ ልብስ ማየት ምን እንደሆነ አሁን ያያሉ።

ግራጫ መደብ ላይ አንድ ኮት ወጣ። አንገት የለው፣ እጅ የለው፣ የቆመበት የለው። ኮት ብቻ።

ወደ ትከሻው ሄደች። ትከሻ ነው። ትከሻ መሆኑን አየች፣ ከዚያ በላይ አልነገራትም። ወደ እጅጌው ወረደች፤ እጅጌ ነው። ረዝሟል? አጥሯል? ከምን ጋር ሲተያይ? ዓይኗ ኮቱ ላይ አልቆምላት አለ፤ እየተንሸራተተ ወደ ዳር፣ ወደ ግራጫው ይሄድባታል። እዚያ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ጠረጴዛ፣ ብርጭቆ፣ አንዲት ቅጠል። መልሳ ታመጣዋለች፣ መልሶ ይሄዳል። የገዛ ልጇ ስም ሰው ፊት እንደጠፋባት እናት ሆነች።

ያኔ ገባት። ወንበሯን ላለማጣት ብላ በቀን ስድስት መቶ ጊዜ ዓይኗን ከልብስ ላይ ተነሣ ብላ አዝዛዋለች። ዓይኗም እንደ ታማኝ ሠራተኛ ታዝዟል። አውቶቡስ ላይ ዕረፍት የመሰላት ይህ ነበር። ክፉኛ አዘነች፤ ክፍሏን የለቀቀች ቀን እንኳ እንዲህ አላዘነችም፣ ያኔ የተወሰደባት አራት ግድግዳና አንድ በር ነበር። ቢሆንም ከኋላዋ አሥራ አንድ ሰው ቆሟል፤ አንድ ነገር ማለት አለባት።

«የት ነው የቆመው?» አለች።

ከልቧ ነበር የጠየቀችው። ደንበኛዋ ግን በሳቅ ፈነዳች፤ ልጆቹም ተከተሏት፤ ፐርሰንት ሳይቀር፣ አንድ ቁጥር የሚበልጠው ኮት ትከሻው ላይ እየዘለለ፣ ሳቀ።

«የት ነው የቆመው!» አለች ደንበኛዋ እንባዋን እየጠረገች። «አያችሁ? ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የሠራችሁትን ጥፋት በአንድ ጥያቄ ነገረቻችሁ። በቃ፣ የምንፈልጋት ይቺን ሴት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ያለችው ትክክል ነው።»

ሎሚ ብቻ አልሳቀችም። ሁለቱንም ማዳመጫዎች አውልቃ አንገቷ ላይ አድርጋቸዋለች። የኮምፒውተሩን ገመድ የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለችና እትዬ ሜትር ጆሮ ሥር፣ «ጠረጴዛ ነበረው» አለቻት። «ባለፈው ዓመት በእኔ በኩል አልፏል፣ ትዝ ይለኛል።»

እትዬ ሜትር «የሥራ» የሚለውን ተጫነች።

«እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ» አለች ደንበኛዋ፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴዋ ምልክት በራች። የስምምነት ነጥብ መቶ ፐርሰንት። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ አንዳንዶቹ ተቃቀፉ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ሊነግር ወደ ደረጃው ሮጠ። እትዬ ሜትርም ከሁሉም ዘግይታ ሳቀች።

ከዚያ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። ግራጫ መደብ ላይ አንድ ቀሚስ ነበር። እትዬ ሜትር ጥቂት አየችው፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ሎሚ ጠጋ አደረገች።